ጣራ ያለው ገበያ

በልጅነቴ ገበያ ማለት ሜዳ ማለት ነበር። በገበያ ቀን እናቴ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችውን ቅቤ በቅርጫት አድርጋ ታዝላለች፤ እኔም ሁለት ዶሮ አንጠልጥዬ እከተላታለሁ፤ እንዲህ ሆነን ከሀቢቾ ወደ ሆሳዕና በእግር እንሄድ ነበር። ከዚያም በደረስን ጊዜ ቅቤ ሻጮቹ በአንድ ወገን፣ ቆጮና ቡላ የሚሸጡት በሌላ ወገን፣ ሸክላ ሠሪዎቹ እንስራና ምጣዳቸውን ደርድረው በዳር፣ የከብት ነጋዴዎችም ራቅ ብለው ቆመው እናገኛቸዋለን። ለቅቤ ሻጮቹ ስፍራቸውን በመዝገብ ጽፎ ያካፈላቸው ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን እያንዳንድዋ ስፍራዋን ታውቅ ነበር። አንዲት ሴት ታማ የቀረች እንደ ሆነ ባልንጀሮችዋ ስፍራዋን ባዶ ትተው ይጠብቁላት ነበር።

ገበያው ጣራ ስላልነበረው ዝናብ በመጣ ጊዜ ሁሉም እኩል ይበሰብስ ነበር። ብዙ በሬ ነድቶ የመጣው ነጋዴም፣ ጥቂት ቅቤ ይዛ የመጣችው ድኻ ሴትም አንድ ዓይነት የኮባ ቅጠል በራሳቸው ላይ ደፍተው ዝናቡ እስኪያባራ ይቆማሉ። በእንደዚህ ያለው ሰዓት እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ቅቤዋን ሸፍና እርስዋ ስትርስ እያየሁ፣ «ባደግሁ ጊዜ ለእናቴ ገበያ ጣራ አሠራለሁ» ብዬ በልቤ አስብ ነበር። የልጅ አሳብ ነው፤ ይሁን እንጂ ከልቤ አልወጣም።

ዛሬ በሆሳዕና ዋና መንገድ ዳርና ዳር ከቆሙት ባለ ፎቅ ቤቶች የአንዱ ጠባቂና ኪራይ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ቤቱ ከፊት ሰፊ የመስተዋት በር አለው፤ ከበሩ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግራና ቀኝ ሱቆች የተደረደሩበት መተላለፊያ፣ በመካከሉም ወደ ላይ የሚያወጣ ደረጃ ይገኛል። ልጆቻችን «ሞል» ይሉታል። እኔ ግን ከዚያ ከልጅነት አሳቤ የተነሣ ጣራ ያለው ገበያ እለዋለሁ። እንግዲህ ይህ ዓይነት ገበያ ከየት ተነሥቶ በምን መንገድ ወደ እኛ እንደ ደረሰ፣ እኔም በደጁ የሠራሁትን ጥፋት፣ ክቡራን አንባብያን እንዲያውቁልኝ በዚህ ገጽ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

አስቀድሞ ስለ ከተማችን መናገር ይገባል። ሆሳዕና ጥንት ዋቸሞ ይባል ነበር፤ ይህም የቀድሞ ስም ዛሬ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይታወሳል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ራስ አባተ ቧያለው መቀመጫ ከተማ ያደረጉት ሲሆን፣ የአሁኑን ስሙን ከሆሳዕና በዓል እንዳገኘ ሽማግሎች ይተርካሉ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1987 ዓ.ም. ሕዝብ በተቈጠረ ጊዜ በከተማው 32 ሺህ የማይሞላ ሰው ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ግን 70 ሺህ ያህል ሰው ተገኘበት። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በተቋቋመ ጊዜም የክልሉ ዋና መቀመጫ ሆነ። እንዲህ ባለው ፍጥነት ላደገ ከተማ ሜዳው ብቻ እንደማይበቃው የታወቀ ነው።

በአገራችን የገበያን ታሪክ የሚመረምር ሰው ከአዲስ አበባ መጀመር ይኖርበታል። የቀድሞው ትልቅ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረ ሜዳ ነው። ጣልያኖች ከተማይቱን ይዘው በቈዩበት ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያም በገበያም ለመለየት አስበው አራዳን ለራሳቸው ወገን አደረጉት፤ የአገሩን ሰው ገበያ ግን ወደ ምዕራብ አርቀው ዛሬ አዲስ ከተማ በምንለው ስፍራ አቆሙት። በእነርሱ ቋንቋ ገበያ ማለት መርካቶ ነውና ስሙ እስከ ዛሬ ቀረ። ከነጻነት በኋላ በዚያው በመርካቶ አዳራሽ የተባለው ባለ ጣራ የገበያ ቤት ተሠራ። በመለየት የተጀመረው ገበያ ውሎ አድሮ የሁሉ መሰብሰቢያ ሆነ። ከዚህም የምንረዳው፣ የገበያ ታሪክ የዕቃና የዋጋ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይራቅ የሚለው ነገር ከመጀመሪያው አንሥቶ በውስጡ አለ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በቦሌ መንገድ ደንበል ሲቲ ሴንተር ቆመ፤ ከዚያም በቦሌ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ኤድና ሞል ከነሲኒማው ተከተለ። እኔ በመምህርነት ሳለሁ ለትምህርት ቤት ጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ስለሚያወራለት አንድ እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ አየሁ። ፀሐይ አያቃጥልም፤ ዝናብ አይገባም፤ ወለሉ ፊትን ያሳያል። እጅግ ደስ አለኝ። ነገር ግን ከበሩ ላይ ዘበኛው ኪሴንና ብብቴን ዳሶኝ ነበር። በሜዳው ገበያ ስንት ዘመን ስመላለስ ማንም ዳሶኝ አያውቅም። የገበያ ግርግር ለሌባ ያመቻል ይባላልና ጥንቃቄውን አልነቀፍሁም፤ ቢሆንም እናቴ ቅርጫትዋን አዝላ ከዚያ በር ብትደርስ ምን ይሉአት ይሆን ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ይህ ዓይነት ቤት በዓለም እንዴት እንደ ተጀመረ ደግሞ በኋላ አንብቤ አገኘሁ፤ ታሪኩም ሊነገር የሚገባው ነው። ቪክቶር ግሩን የተባለ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1903 በቪየና ከተማ ተወለደ። አይሁዳዊ ስለ ሆነ፣ ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ከዚያም በሚኒሶታ ግዛት ኤዳይና በተባለች ከተማ ሳውዝዴል የተባለውን የገበያ ቤት ነድፎ አሠራ። በሩ የተከፈተው በ1956 ሲሆን፣ ሁለት ፎቅና 72 መደብሮች ነበሩት። ሙሉ በሙሉ ተከድኖ ብርዱና ሙቀቱ በመሣሪያ የሚመጠን የመጀመሪያው ትልቅ የገበያ ቤት እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። ሚኒሶታ ክረምቱ እጅግ የበረታ አገር ነውና፣ ሰው በበረዶ ሳይገረፍ ውሎ እንዲገበያይ ታስቦ የተደረገ ነው።

ግሩን ያሰበው ግን ከዚህ የሰፋ ነበር። በትውልድ ከተማው በቪየና ሰው በአደባባይ ተገናኝቶ እንደሚጨዋወት ሁሉ፣ በመኪና ተራርቆ ለሚኖረው ለአሜሪካ ሰውም መገናኛ ሊያበጅለት ፈለገ። በገበያው ዙሪያ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤትና መናፈሻ እንዲሠራ ነድፎ ነበር። ባለ ገንዘቦቹ ግን ትርፍ የሚሰጠውን ገበያውን ወሰዱ፤ ዙሪያውን የመኪና ማቆሚያ አደረጉት፤ እንደዚያም ያለ ቤት በአገሩ ሁሉ አበዙ። ግሩን በ1968 ወደ ቪየና ተመለሰ። በስተርጅናው ከእርሱ አሳብ የተወለዱትን እነዚያን ቤቶች የእኔ አይደሉም ብሎ በይፋ ካዳቸው፤ በ1980ም ሞተ። ስደተኛ ሆኖ የሠራው ቤት ያሰበውን ሳይሆን ቀረ ማለት ነው። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ በሩቅ አገር የሆነ ነገር መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ወደ ገዛ ደጄ መጣ።

ወደ ሆሳዕና ጣራ ያለው ገበያ የመጣው በአዲስ አበባ መንገድ ብቻ አይደለም፤ በደቡብ አፍሪካም ዞሮ ነው። የሀዲያና የከምባታ ምድር ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። በአንድ አባት የእንሰት ቦታ አራትና አምስት ወንድማማች ሊኖርበት አይችልም። ስለዚህም የአፓርታይድ አገዛዝ በ1986 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ፣ ይልቁንም ከ1990ዎቹ ወዲህ፣ ብዙ ጐበዛዝት በኬንያና በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ጐረፉ። በዚያም ሥራቸው ንግድ ሆነ። መጀመሪያ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና መጋረጃ ተሸክመው «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር በየደጁ እየዞሩ በዱቤ ይሸጣሉ፤ ከዚያም ጥቂት ገንዘብ ሲይዙ በብረት ፍርግርግ የተዘጋ ትንሽ ሱቅ ይከፍታሉ።

በጆሃንስበርግ ከተማ መካከል ቀድሞ ጄፕ ይባል የነበረ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ የተባለ መንገድ አለ። በዚያ መንገድ የሐኪሞች ቢሮ የነበሩባቸው ረጃጅም ፎቆች ነበሩ። ሐኪሞቹና ባለ ጠጎቹ ከመካከለኛው ከተማ ወደ ዳርቻው በሸሹ ጊዜ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ። ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችም ገብተው ተከራዩአቸው፤ ክፍሉንም በእንጨትና በቆርቆሮ እየከፋፈሉ ሱቅ አደረጉት። አንድ ሐኪም በሽተኛውን ይመረምርበት በነበረው ክፍል አራት አምስት ነጋዴ ተቀመጠበት፤ በሽተኞች ተራ ይጠብቁበት የነበረው መተላለፊያም የገበያ መንገድ ሆነ። ከዚምባብዌና ከሞዛምቢክ ሳይቀር ነጋዴዎች እየመጡ ጨርቅና ጫማ በጅምላ ይገዙበታል። እንግዲህ አስተውሉ፤ የሀቢቾና የሆሳዕና፣ የዱራሜና የአንጋጫ ልጆች በገዛ አገራቸው ጣራ ያለው ገበያ ሳይኖራቸው በሰው አገር መካከል አንድ አቆሙ።

ታናሽ ወንድሜ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1996 ዓ.ም. ለመሄድ በተነሣ ጊዜ አባታችን አንዱን በሬ ሸጠ፤ ለደላላው የሚከፈለው ግን አልሞላም። እናቴ በአንድ ሌሊት ሦስት ሺህ ብር ይዛ መጣች። ከየት አመጣሽ ብንላት፣ «ሴት የምትበደርበት አይታጣም» ብላ ዝም አለች። ወንድሜም ሄደ። ስምንት ወር ሙሉ ድምፁን አልሰማንም። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በመጻተኞች ላይ ሁከት በተነሣ ጊዜ፣ በሎኬሽን የነበረችው ሱቁ ተዘረፈች፤ እርሱ ግን በሕይወት ተረፈና ወደ ጄፕ ገባ። ወርድና ቁመትዋ ሁለት ሁለት ሜትር በምትሆን ሱቅ ቀበቶና ቦርሳ እየሸጠ፣ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ገንዘብ አጠራቀመ። በ2009 ዓ.ም. በሆሳዕና የቤቱን መሠረት አስጣሉኝ።

ቤቱ ሲሠራ የልጅነት አሳቤ ሊፈጸም ነው ብዬ ከሠራተኛ ጋር ሲሚንቶ እስከ መሸከም ደረስሁ። እናቴ ግን ሳታየው ዐረፈች። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጣራው በሚመታበት ሳምንት፣ በሞዛምቢክ በቴቴ በኩል በጭነት መኪና ላይ በተዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ኢትዮጵያውያን እንደ ተገኙ ተሰማ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በዚያን ቀን አናጢዎቹ ሥራ ትተው ተቀመጡ፤ ሁሉም በዚያ መንገድ የሄደ ዘመድ ነበረውና። ቆርቆሮውን በማግሥቱ መታን። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በጥቅምት በማላዊ፣ በታኅሣሥ በዛምቢያ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ ብዙ አስከሬኖች ተገኙ። ከዚያ ወዲህ በዋናው መንገድ ባለ ፎቅ ቤት ባየሁ ቍጥር፣ ቁመቱን ከመለካት አስቀድሞ በስንት ሰው መንገድ እንደ ተሠራ አስባለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ቤቱ ተፈጽሞ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ። በመሬቱ ፎቅ ያሉት ሱቆች ሁሉ ተከራዩ፤ ላይኛው ግን ግማሹ ባዶ ነበር። በመስተዋቱ በር አጠገብ፣ ከፀሐይ ጥላ በሚገኝበት ስፍራ፣ ስድስት ያህል ቅቤና አይብ ሻጮች ከገጠር እየመጡ ይቀመጡ ጀመር። ዕቃቸውን በኮባ ቅጠል ላይ ዘርግተው፣ ለመጣው ሁሉ እያቀመሱ ይሸጣሉ። ከተከራዮቹ አንዱ የልብስ ነጋዴ ወደ እኔ መጥቶ፣ «የቅቤው ሽታ በልብሴ ላይ አደረ፤ ደግሞም የተከበረ ደንበኛ በጉልት መካከል እየተረማመደ አይገባም፤ ይህ ካልተወገደ ሱቁን እለቃለሁ» አለኝ። ሁለት ሌሎችም እንዲሁ አሉ። እኔ ያን ጊዜ በሁለተኛው ፎቅ ከኪራይ መዝገቤ ጋር ተቀምጬ ነበር። ዘበኛውን ጠርቼ፣ «ደጁን አጽዳው» አልሁት። ይህችን ቃል ብቻ ተናገርሁ። በመስኮት ብመለከት ስድስት ጥላና ስድስት ቅርጫት ሲነሣ አየሁ፤ ፊታቸውን ግን አላየሁም፤ ለማየትም አልወረድሁም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ወንድሜ ስልክ ደወለ። እንደ ወትሮው ስለ ልጆች ጤና ጠይቆ ሲያበቃ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ቅቤ ሻጮቹን ከደጅ አስነሡ ይባላል፤ እውነት ነው?» የከተማው ወሬ ከእኔ ስልክ ቀድሞ ጆሃንስበርግ ደርሶአል። እውነት መሆኑን ነግሬ ምክንያቱን አስረዳሁት። እርሱም፣ «ከእነርሱ አንድዋ እናታችን በገበያ አጠገብዋ ትቀመጥ የነበረችው ባልቴት ናት። እኔ ስሄድ እናታችን በሌሊት ያመጣችው ሦስት ሺህ ብር የእርስዋ ነው። ሴቶቹ በየሳምንቱ ቅቤ እያዋጡ በሚጥሉት ዕቁብ ተራዋ ደርሶ ያገኘችውን፣ ሳትቈጥር ሰጠቻት። ገንዘቡን በሁለተኛው ዓመት መልሼአለሁ። እናታችን ግን ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ስለ ነበር ለእርስዎም አልነገርሁም» አለኝ።

እኔ መልስ አጣሁ። እርሱ ግን ቀጠለ፦ «ጄፕ የገባሁ ጊዜ ሱቅ አልነበረኝም። በአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ካርቶን ዘርግቼ ቀበቶ እሸጥ ነበር። ዘበኛው በቀን ሦስት ጊዜ ያስነሣኛል። በኋላ አንድ የከምባታ ሰው ከሱቁ ደፍ ላይ አንድ ክንድ ቦታ ለቀቀልኝ። ጋሼ፣ ያ ቤት የተሠራው በዚያች አንድ ክንድ ቦታ ነው።» ይህንም ብሎ ደኅና እደሩ አለኝ። አልተቈጣኝም። ቢቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የተባለው ምሳሌ በእኔ ተፈጸመ። አስቀድሞ ግን ራሴን ለማጽናናት አንድ ምክንያት አዘጋጅቼ ነበርና እርሱንም አልሸሽግም። የከተማችን ስም ሆሳዕና ነው፤ ጌታም በዚያ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ከገባ በኋላ ሻጮችንና ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ አስወጥቶአል፤ እንግዲህ ደጅን ማጽዳት ነውር አይደለም ብዬ ከአንድ ወዳጄ ጋር ቀልጄ ነበር። ሲነጋጋ ግን ቀልዴ አሳፈረኝ። እርሱ ያስወጣው የጸሎትን ቤት የንግድ ቤት ያደረጉትን ነው፤ እኔ ግን ከንግድ ቤት ደጅ ድኻ ነጋዴዎችን አስወጣሁ። የጠበቅሁትም ቅድስና ሳይሆን የልብስ ሱቅ ኪራይ ነበር።

በነጋው የገበያ ቀን አልነበረምና ወደ ሀቢቾ ሄድሁ። ባልቴቲቱን በእንሰት ማሳዋ ውስጥ አገኘኋት። የይቅርታ ቃል አሰናድቼ ነበር፤ እርስዋ ግን ቀድማ፣ «ያ ልጅ ደኅና ነው? ሱቁን ዳግመኛ አልዘረፉበትም?» አለችኝ። ደኅና ነው አልኋት። ቀጥላም፣ «የቤታችሁ ጣራ ያፈሳል ወይስ አያፈስም?» ብላ ጠየቀች። አያፈስም አልኋት። «እሰይ» አለች። ስለ መባረርዋ አንዳች አልተናገረችም። እኔ ራሴ አንሥቼ፣ «እማማ፣ በድያለሁ። ከመሬቱ ፎቅ ሱቆች አንዱን ለእናንተ ላስለቅቅ፤ ከባልንጀሮችሽ ጋር ገብታችሁ በጣራ ሥር ተቀመጡ» አልኋት። እርስዋም ሣቀችና፣ «ልጄ፣ ውስጥ ገብቼ ማን ያየኛል? ቅቤ የሚገዛ ሰው ሽታውን ተከትሎ ነው የሚመጣው፤ መስተዋት ሽታ አያሳልፍም። እኛ የምንፈልገው ዝናብ እንዳይመታን ብቻ ነው» አለችኝ።

በዚህ ቃል ብዙ ተማርሁ። እኔ ጣራ ያለው ገበያ ማለት ሁሉን ሰብስቦ ወደ ውስጥ ማስገባት ይመስለኝ ነበር። ማስወጣትንም ማስገባትንም በራሴ አሳብ ስቈርጥ፣ ምን እንደሚሻልሽ ብዬ አንድ ጊዜም አልጠየቅኋትም። ግሩንም ቢሆን ለአንድ አገር ሕዝብ መገናኛውን አስቦለት፣ ቤቱ ግን በባለ ገንዘቦች እጅ ወደቀ፤ እርሱም የመጨረሻ ድርሻው መካድ ብቻ ሆነ። እኔ ግን ለመካድ ገና አልመሸብኝም አልሁ።

ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ በመስተዋቱ በር ጐን ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል የሚረዝም የቆርቆሮ ጣራ ወደ ውጭ አስወጣሁ፤ ከሥሩም ዝቅ ያለ የሲሚንቶ መደብ አሠራሁ። የልብስ ነጋዴው እንዳለው ሱቁን ለቀቀ፤ ሱቁም አራት ወር ባዶ ቆመ። ከወንድሜ ባልንጀሮች አንዱ፣ «ቤት የሠራነው ለኪራይ ነው ወይስ ለምጽዋት?» ብሎ ተከራከረ፤ የጐደለውን ኪራይ ወንድሜ ከራሱ ድርሻ ከፈለ። ይህን የምጽፈው ነገሩ ያለ ወጪ እንደ ተፈጸመ አንባቢ እንዳይመስለው ነው። አምስቱ ሴቶች ተመለሱ፤ አንድዋ ግን በሌላ ስፍራ ደንበኛ አግኝታለችና አልመጣችም። ስፍራዋን እስከ ዛሬ ባዶ ትተው ይጠብቁላታል።

ክቡራን አንባብያን፣ በከተሞቻችን ጣራ ያለው ገበያ ወደ ፊትም ይበዛል፤ ሊበዛም ይገባዋል። ነጋዴ በዝናብ መበስበሱ ለማንም ጥቅም የለውም። አብያተ ክርስቲያናት እንኳ በየቅጥራቸው ዙሪያ ሱቅ እያሠሩ ያከራያሉ፤ ገቢውም ለአገልግሎት ይውላል። ይሁን እንጂ ቤት የምናሠራ ሁላችን፣ ካህንም ብንሆን ነጋዴ፣ መሠረቱን ከመጣላችን በፊት በዚያ መሬት ላይ ቀድሞ ማን ይቀመጥ እንደ ነበር ብንጠይቅ፣ ደጁን ከማጽዳታችንም በፊት ደረጃውን ወርደን ፊታቸውን ብናይ መልካም ነው። አንድ ፎቅ መውረድ የሚያደክም አይደለም፤ እኔ ግን በዚያን ቀን አልወረድሁም ነበር።

ባለፈው ሐምሌ ከባድ ዝናብ በጣለ ዕለት፣ ከላይ ሆኜ የቆርቆሮውን ጩኸት ሰምቼ ወረድሁ። ከትንሹ ጣራ ሥር ቅቤ ሻጮቹ ተቀምጠዋል፤ በአጠገባቸው ተማሪዎች፣ አንድ ጋሪ ነጂ፣ መንገድ ላይ ዝናብ የያዛቸው መነኵሴ ተጠጋግተው ቆመዋል። ባልቴቲቱ ቅርጫትዋን ወደ ራስዋ ሰብስባ ለእኔም ቦታ ለቀቀችልኝ። እኔም ከጐንዋ ቆምሁ። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ቅቤዋን ስትሸፍን ያየኋት ዕለት ለማሠራት የተመኘሁት ጣራ ይህ ትንሹ እንደ ነበር ያን ጊዜ ታወቀኝ።